ሎጂክ ለኢንጂነር ምን ይሠራለታል? የፍሬሽማን ኮርሶች ክርክርና የተዘለለው ነጥብ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ መጥራት ሲጀምሩ ስለ ፍሬሽማን፣ ማለትም ስለ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች፣ አንድ ክርክር በየዓመቱ ይነሳል። «ልጄ ኢንጂነሪንግ ሊማር ሄዶ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግለታል?» የሚል ወላጅ አለ። «ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከዲፓርትመንታችን ጋር የማይገናኝ ነገር ስንሸመድድ ከረምን» የሚል ተማሪ አለ። «ይሄ ዓመት ባይኖርማ ልጆቹ ሁለተኛ ዓመትን አይችሉትም ነበር» የሚል መምህርም አለ።

ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ «ኮርሶቹ ይኑሩ ወይስ ይቅሩ?» ላይ ቆሞ ይቀራል። እኔ እንደማየው ዋናው ጉዳይ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኮርሶቹ በምን ቋንቋ እንደሚነበቡና ውጤታቸው ለምን እንደሚውል ካላየን፣ ሎጂክም ሆነ ፕሮግራሚንግ ለምን ተማሪው ላይ ሳይቀር እንደሚያልፍ ሊገባን አይችልም።

ፍሬሽማንና ሬሜዲያል አንድ አይደሉም

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። ሰዎች ሁለቱን ስሞች እየቀላቀሉ ያወራሉ።

ሬሜዲያል የማካካሻ ትምህርት ነው። የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም ይታወቃል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑት የመጀመሪያው ፈተና ነበር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣውም 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እነዚህን ብቻ ይዞ ዩኒቨርሲቲዎችን መሙላት ስለማይቻል፣ ለማለፍ ጥቂት የቀራቸው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጥቂት ወራት ከልሰው እንደገና የሚፈተኑበት መንገድ ተከፈተ። እዚያ ካለፉ ነው ወደ ፍሬሽማን የሚገቡት።

ፍሬሽማን ግን የዲግሪው አካል ነው። የመጀመሪያ ዓመት ማለት ነው። እዚህ የሚሰጡት ኮርሶች ኮመን ኮርስ ይባላሉ፤ ተማሪው ወደፊት ምንም ያጥና ምን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች ናቸው። ክሬዲታቸው ይቆጠራል፣ ውጤታቸው እስከ ምረቃ ድረስ ይከተላል። «12ኛ ክፍልን መድገም ነው» የሚለው ወቀሳ ለሬሜዲያል ይስማማ ይሆናል። ለፍሬሽማን ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ሎጂክንና ሳይኮሎጂን 12ኛ ክፍል ማን ተማረ?

ሄዶ የተመለሰ ዓመት

ፍሬሽማን አዲስ ፈጠራ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመንም፣ ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም፣ ተማሪ ወደ ዲፓርትመንት ከመግባቱ በፊት የጋራ ትምህርት ይወስድ ነበር። ታሪኩ የተለወጠው በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ አደረጋቸው። የፍሬሽማን ሥራ ወደ መሰናዶ ወረደ ተባለ፣ ብዙዎቹ የዲግሪ ፕሮግራሞችም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠሩ።

በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ያስኬዳል። በተግባር ግን መሰናዶ ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ላይብረሪና ላብራቶሪ አልነበረውም። ተማሪውም ሁለቱን ዓመት የሚያሳልፈው ለመግቢያ ፈተና ሲዘጋጅ ነበር። ስለዚህ ዓመቱ ቀረ እንጂ ሥራው አልተተካም።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህን ክፍተት አነሳ። የሚመረቁት ልጆች ሐሳባቸውን መግለጽ ይቸግራቸዋል፣ በራሳቸው ማሰብና ሥራ መፍጠር ላይ ደካማ ናቸው የሚል ግምገማ ነበረው። መፍትሔ ብሎ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ የመጀመሪያውን ዓመት መመለስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለኮርሶቹ አንድ ዓይነት ሞጁል አዘጋጅቶ ለሁሉም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ዓመቱን እንኳ በሰላም አልጨረሱም፤ መጋቢት ላይ ኮቪድ መጣና ግቢዎች ተዘጉ።

በሳምንት 50 ሰዓት

ኮርሶቹ ሲደረደሩ ረጅም ናቸው። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድና ሁለት፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ዜጋ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ማትስ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስና መሰሎቹ ይጨመራሉ፣ ወደ ኢንጂነሪንግ ለሚሄዱት ደግሞ ፕሮግራሚንግ አለ። ለማኅበራዊ ሳይንስ ኢኮኖሚክስ፣ ታሪክና ግሎባል ትሬንድስ ይመጣሉ።

በአንድ ሴሚስተር ሰባት ያህል ኮርስ ማለት ነው። ሸክሙ የሚለካው ኢሲቲኤስ በሚባል ከአውሮፓ በተወሰደ መለኪያ ነው። መለኪያው ክፍል ውስጥ የተቀመጡበትን ሰዓት ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ ማንበቡን፣ አሳይመንቱን፣ ለፈተና መዘጋጀቱንም ይጨምራል። አንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው። አንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ ቢይዝ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ስናካፍለው በሳምንት 50 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ከሙሉ ጊዜ ሥራ ይበልጣል።

ይህን 50 ሰዓት ለሰባት ኮርስ አካፍሉት። ለአንዱ ሰባት ሰዓት ይደርሰዋል። አብዛኛው ሰዓት ደግሞ በክፍል ትምህርቱ ያልቃል። የቀረችው ጊዜ ሞጁሉን አንድ ጊዜ ለማንበብ እንኳ የምትበቃው ንባቡ ለሚቀለው ልጅ ነው። ለማን ይቀላል የሚለው ጥያቄ ወደ ቋንቋው ይወስደናል።

ሁሉም ኮርስ የእንግሊዝኛ ኮርስ ነው

ሎጂክን እንውሰድ። ትምህርቱ ስለ ሙግት ነው። አንድ ሙግት መነሻ ሐሳቦችና ድምዳሜ አሉት። መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ ድምዳሜው የግድ እውነት የሚሆንበት ሙግት አለ፤ ዲዳክቲቭ ይባላል። ድምዳሜው የግድ ሳይሆን ምናልባት እውነት የሚሆንበትም አለ፤ ኢንዳክቲቭ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ሙግት የሚመስሉ ግን የተበላሹ አነጋገሮች አሉ፤ ፋላሲ ይባላሉ። የቀረበውን ሐሳብ ትቶ ተናጋሪውን «አንተ የማን ወገን ሆነህ ነው?» ብሎ ማጥቃት አንዱ ነው። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ ያኛው አመጣው ማለት ሌላው ነው።

ይሄ ለማንም ይጠቅማል። ድልድይ ለሚሠራም፣ በሽተኛ ለሚያክምም፣ ፌስቡክ ላይ ወሬ ለሚያነብም። ለአገራችን ሰው ባዕድም አይደለም። በድሮ ችሎት «በላ ልበልሃ» እየተባለ ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው ሲከራከሩ፣ የአንዱን አነጋገር ሌላው ይዞ ክፍተቱን እያሳየ ነበር የሚረታው። ቅኔ ቤትም ተማሪው ሰሙን ከወርቁ ሲለይ የሚያደርገው የቃልን ድርብ ፍቺ መፈተን ነው፤ ሎጂክ ስለ ቋንቋ አሻሚነት የሚያወራውም ያንኑ ነው።

ግቢ ውስጥ ግን ትምህርቱ በምን መልክ ይደርሳል? በእንግሊዝኛ በተጻፈ ወፍራም ሞጁል፣ በላዩም የላቲን ስሞች ተጨምረውበት። ተማሪው «አድ ሆሚነም» (ተናጋሪውን ማጥቃት)፣ «አድ ቬሬከንዲያም» (ያለ ቦታው በታዋቂ ሰው ስም መሟገት) እያለ ስሞቹን ከትርጉማቸው ጋር ይሸመድዳል። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ያዋጣዋል። ኤ ያገኛል። ነገር ግን ያንኑ ስህተት ማታ ዶርም ውስጥ በሚነሳ የፖለቲካ ክርክር ላይ አይቶ «ይሄማ ያ ነው!» ለማለት፣ ሐሳቡ በሚያስብበት ቋንቋ መግባት ነበረበት። እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው።

ሳይኮሎጂውም፣ አንትሮፖሎጂውም እንደዚሁ ነው። ተማሪው አዲስ ሐሳብና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ነው የሚጋፈጠው። ሰባት ኮርስ ወሰደ እንበል እንጂ፣ በእንግሊዝኛ ለደከመ ልጅ ሰባቱም የእንግሊዝኛ ኮርስ ናቸው። ይሄ ደግሞ የልጁ ጥፋት አይደለም። እንግሊዝኛን ያስተማረው መምህር ራሱ በቂ ድጋፍ አላገኘም፣ ልጁም መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት እየተካፈለ ነው እዚህ የደረሰው።

«እንግዲያው መምህሩ በአማርኛ ያስረዳ» የሚሉ አሉ። ብዙ መምህራን በተግባር ያደርጉታል፣ ፈተናው ብቻ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አብረው ተቀምጠዋል። ምደባው አገር አቀፍ ነው። በአማርኛ የተብራራ ነገር ለግማሹ መድኃኒት ሲሆን ለሌላው ሁለተኛ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቋንቋው ነገር በመምህሩ ደግነት ብቻ የሚፈታ አይደለም።

የሚያስቆጨኝ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ለብቻው መቆሙ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ክፍል አንድ ሌላ ጽሑፍ ያነባል፣ በሎጂክ ክፍል ሌላ። ሁለቱ መምህራን ተነጋግረው የሎጂኩ ምዕራፍ የእንግሊዝኛው ክፍል ንባብ ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን ይሸከም ነበር። ይሄ ገንዘብም አዲስ ፖሊሲም አይፈልግም።

ሳይኮሎጂና ሥራ ፈጠራ

ሳይኮሎጂው ከሁሉም ለተማሪው የቀረበ ኮርስ ሊሆን ይችል ነበር። ከቤቱ መጀመሪያ የወጣ የ18 ዓመት ልጅ ነው። አገሩ ራቅ ይላል፣ ዶርም ውስጥ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያድራል። ሞጁሉ ስለ ጭንቀት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ማስታወስ ያወራል። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት፣ ሰው የተማረውን ካልከለሰው መጀመሪያ ላይ ቶሎ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ በዝግታ እንደሚረሳ አሳይቷል። በቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ሌሊት ከተሸመደደው በላይ ይቆያል። ይህን አንድ ነገር ብቻ በመጀመሪያው ወር ተለማምዶ የሄደ ተማሪ የአራት ዓመት ጥቅም አገኘ ማለት ነው። ትምህርቱ እንደ ልምምድ ቢሰጥ ማለቴ ነው።

ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ማለትም ሥራ ፈጠራ፣ ላይ ክርክሩ ይለያል። አንዳንዱ «ተመራቂው ሥራ ካላገኘ ሥራ ይፍጠር ብሎ ኃላፊነቱን ልጁ ላይ መጣል ነው» ይላል። ብድር፣ ቦታና ገበያ በሌለበት ኮርስ ብቻውን ነጋዴ አያደርግም፤ ይሄ ልክ ነው። ግን የንግድ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ቲን ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ ለምን እንደማይገናኙ ሳያውቅ የሚመረቅ ልጅም አለ። መርካቶ በእቁብ ገንዘብ ያደገ ነጋዴ ይህን ሁሉ በሥራ ላይ ነው የተማረው። ኮርሱ ከዚያ ምሳሌ ቢጀምር የቢዝነስ ፕላን ቅጽ ከማስሞላት የተሻለ መሬት የረገጠ ይሆን ነበር።

ኮድ በወረቀት

ፕሮግራሚንግ ከሌሎቹ በአንድ ነገር ይለያል። ስትሳሳት ወዲያው ይነግርሃል። ኮዱን ትጽፋለህ፣ ታስኬደዋለህ፣ እምቢ ይላል፣ ታርማለህ። ትምህርቱ ያለው እዚህ መመላለስ ውስጥ ነው።

በብዙ ግቢ ግን ኮምፒውተሩ ከተማሪው ያንሳል። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በሰሌዳ ይጻፋል፣ በደብተር ይገለበጣል፣ በወረቀት ይፈተናል። በወረቀት የተጻፈ ኮድ መልሶ አይናገርም። የነጠላ ሰረዝ ስህተትና የአስተሳሰብ ስህተት እኩል ማርክ ያስቀንሳሉ። ከዚህ የወጣ ልጅ ፕሮግራሚንግ ለተወሰኑ ቀለሜዎች ብቻ የተፈጠረ ነገር ይመስለዋል።

ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለው ኮርስ ደግሞ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችን ያስተዋውቃል፤ የዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እርስ በርስ በኢንተርኔት የሚገናኙ ዕቃዎች። ችግሩ ስሙ ውስጥ ነው፤ አዲስ ነገር ያረጃል። ሞጁሉ የተዘጋጀው ፍሬሽማን ሲመለስ ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ፣ በኅዳር 2015 ነው። ዛሬ ተማሪው አሳይመንቱን በስልኩ እያሠራ፣ ስለዚያው ቴክኖሎጂ ከቻትጂፒቲ በፊት የተጻፈ ምዕራፍ ይሸመድዳል። በየዓመቱ የማይታደስ ሞጁል ይዞ ይህን ኮርስ ማስተማር ከባድ ነው።

በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እዚህ ላይ መነሳቱ ተገቢ ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የሚካሄድ በኦንላይን የሚሰጥ ሥልጠና ነው፣ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ያተኩራል። የኮርሱን ቦታ ይተካል ብዬ አላስብም፤ ኢንተርኔትና በቂ መሣሪያ ይፈልጋልና። ላብራቶሪ ላጣ ክፍል ግን የልምምድ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ ትኬት ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተማሪው ዲፓርትመንት የሚመደበው በፍሬሽማን ውጤቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤትም፣ ለአንዳንድ ትምህርት ክፍሎች ተጨማሪ ፈተናም ይታያል፤ ምጣኔው እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ግን ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የፈለገ ልጅ ያውቃል፣ እያንዳንዷ ቢ ታስከፍላለች።

ይሄ ሲሆን የኮርሱ ትርጉም ይገለበጣል። አንትሮፖሎጂ ስለ ሰው ልጅ ባህል መሆኑ ይቀርና ሕክምና ለመግባት የሚያስፈልግ ኤ ይሆናል። የሚነበበው ሞጁሉ ሳይሆን በቴሌግራም የሚዘዋወረው ያለፉት ዓመታት ፈተና ነው። ተማሪውን «ለምን ትሸመድዳለህ?» ማለት አይቻልም። የተሰጠውን ሕግ አንብቦ ትክክለኛውን ስሌት ነው የሠራው።

ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና የሚመዝነው ተማሪው የተመረቀበትን ሙያ ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ሎጂክና ሳይኮሎጂ፣ ሙያው ራሱ ካልሆኑ በቀር፣ እዚያ የሉም። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ያህል ስለነበር ዩኒቨርሲቲዎች ጉልበታቸውን ወደ ዲፓርትመንት ኮርሶች ማዞራቸው የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ኮመን ኮርስ መግቢያው ላይ ሁሉን ወሳኝ፣ መውጫው ላይ ደግሞ የማይታይ ሆነ። ሁለቱም እንዲሸመደድና እንዲረሳ ነው የሚገፉት።

የቤተሰብ ወጪም አለ። በወጪ መጋራት የሚማር ተማሪ ተጨማሪው ዓመት ዕዳው ላይ ይጨመራል። የትራንስፖርቱና የኪስ ገንዘቡ የገበሬ ቤተሰብን ይጎዳል። «ዓመቱ ይቅር» የሚለው ወላጅ ስንፍና አይደለም የሚያናግረው።

በጠረጴዛ ላይ ያሉ አማራጮች

የመጀመሪያው ኮርሶቹን አስቀርቶ ወደ ሦስት ዓመት መመለስ ነው። እንግሊዝና ብዙ የአውሮፓ አገሮች ተማሪውን ከመጀመሪያው ቀን በሙያው ያስገቡታል። እዚያ ግን የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት የጋራውን ሥራ ጨርሶ ነው የሚያስረክበው። እኛ ይህን በ1990ዎቹ ሞክረን አይተነዋል፤ መሰናዶው አልቻለውም።

ሁለተኛው ለዲፓርትመንት ምደባ የሚቆጠሩትን ኮርሶች መለየት ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚፈልግ ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ፕሮግራሚንግና እንግሊዝኛ ይቆጠሩ፤ ሎጂክና አንትሮፖሎጂ አለፈ ወይም ወደቀ ተብለው ይያዙ። ፊዚካል ፊትነስ (የአካል ብቃት) የሚባለው ኮርስ በብዙ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው የሚያዘው። ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ማርክ የሌለውን ክፍል ማን ይገባል? እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይቀራል። ግን ክፍል ገብቶ የሚከራከር ግማሽ ተማሪ፣ ስም ከሚሸመድድ ሙሉ አዳራሽ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ማለፊያውም በምርጫ ጥያቄ ሳይሆን በአንድ ገጽ ጽሑፍና በቃል ክርክር ቢሆን መቅረቱ ራሱ ይቀንሳል። በአንድ ክፍል 80 ልጅ ለሚያስተምር መምህር ይሄ ከባድ ሥራ ነው፣ ረዳት ካልተሰጠው አይሆንም።

ሦስተኛው ቁጥሩን መቀነስ ነው። ከሰባት ወደ አምስት። ጂኦግራፊውንና ታሪኩን፣ አንትሮፖሎጂውንና ሥነ ዜጋውን ማዋሃድ ይቻላል። እዚህ ላይ የሚነሳው እንቅፋት የሚያስተምሩት ዲፓርትመንቶች ናቸው። ተማሪ እያነሰ በመጣበት ሰዓት ኮመን ኮርስ ለፍልስፍናና ለአንትሮፖሎጂ መምህራን የሥራ ዋስትና ሆኗል። ይህ ስጋት በግልጽ ተነስቶ ምላሽ ካላገኘ፣ ስለ ኮርስ ብዛት የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ተድበስብሶ ነው የሚያልቀው።

ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ፕሮግራሚንግ አለመኖሩም ሊታይ ይገባል። የሳይኮሎጂ ወይም የኢኮኖሚክስ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ መጠይቅ ሰብስቦ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ፊት ይቀመጣል፤ ብዙው ዳታውን ለሌላ ሰው ከፍሎ ያሠራል። በመጀመሪያው ዓመት ሰንጠረዥ ማደራጀትና ቀላል ስሌት በኮምፒውተር መሥራት ቢለማመድ፣ አራተኛ ዓመት ላይ የራሱን ቁጥር ራሱ ማንበብ ይችል ነበር።

ለአሁኑ ገቢ ተማሪና ለቤተሰቡ አስቸኳዩ ነገር ሌላ ነው። የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ለምደባ የትኛውን ውጤት በስንት በመቶ እንደሚቆጥር በመጀመሪያው ሳምንት ሬጅስትራር ወይም የፍሬሽማን አስተባባሪው ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው። ምጣኔው ከግቢ ግቢ ይለያያል። በቴሌግራም የሚወራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ያለፈው ዓመት ነው።